በየት በኩል አለፈችሽ?

ባለፈው ወር ሰባት ሳይክል፣ አሥራ አንድ ትርፍ ቸርኬ፣ አንድ የጎማ መንፊያና በሩ የማይገጥም ቁም ሣጥን አስረክቤ ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ወጣሁ። የንብረት ክፍሉ ሰው መንፊያውን ሁለት ጊዜ ደፍቆ፣ "ይሠራል?" አለኝ። "ከእኔ ይሻላል" አልሁት። አልሳቀም፤ "ይሠራል" ብሎ ጻፈ።

ሃያ ሦስት ዓመት ነው። ዘጠኙን ኮርቻ ላይ፣ የቀረውን መንገድ ዳር ቆሜ ስጮኽ ነው የጨረስሁት። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ልመና ይጀምራል፤ ድምፄም እንደ ወንድ ጎርንኗል። አሁን ዳንግላ ከእኅቴ ጋር የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ተቀምጦ መዋል እንዴት ደስ እንደሚል የሚያውቀው ዕድሜውን ሁሉ ሲጣደፍ የኖረ ሰው ነው።

ሰፈር ውስጥ እስከ ዛሬ "ሻምፒዮኗ" ይሉኛል። በአጭር ርቀት ሦስት ዓመት ተከታትዬ የአገር አንደኛ ስለወጣሁ ነው። ይህን የምጽፈው ግን ዋንጫ ለመቁጠር አይደለም። ዋንጫዎቹ እናቴ ቤት ናቸው፤ አንዱ ውስጥ የበር ቁልፍ፣ አንዱ ውስጥ የሽንኩርት ዘር አለ። የምጽፈው አንድ ሽማግሌ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ስለዋሸኋቸው ነው። ውሸቱ አንድ ቃል ነበር። የከፈለችበት ግን እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ናት።

አባቴ ዳንግላ ገበያው አጠገብ ሳይክል በሰዓት ያከራይ ነበር። ተከራዮቹ ሰዓታቸው ሲያልቅ ይጠፋሉ፤ አንዱ ወደ ጤና ጣቢያው፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር መውጫ። አባቴ ወፍራም ስለሆነ አሳዳጇ እኔ ነበርሁ። "የሺ፣ ያ ቀዩ አልተመለሰም" ሲለኝ የቀረውን አሮጌ ሳይክል ይዤ እወጣለሁ። ፍሬን የለውም፣ ካቴናውም በየመቶ ሜትሩ ይወልቃል። ስለዚህ በጉልበት ብቻ መያዝ እንደማይቻል ገና በአሥራ ሦስት ዓመቴ ገባኝ። የሚሸሽ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። ሲያይሽ ፔዳል መትተሽ ከተነሣሽ አብሮሽ ይነሣል። ዝም ብለሽ ተከተይው፤ አይቶ አንገቱን ወደ ፊት ሲመልስ፣ በዚያች ቅጽበት ነው መነሣት። ኋላ ላይ ትልልቅ አሠልጣኞች በሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣሉ ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው።

ዞኑ እንጅባራ ላይ የሳይክል ቡድን ሲያቋቁም ተመልምዬ ሄድሁ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ የከብት ሐኪም የነበሩ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው። የሳይክል አሠልጣኝ አፈላልገው አጡ። "ሳይክል የሚያውቅ ባይኖር እሽቅድምድም የሚያውቅ አለ" ብለው ከግምጃ ቤት ከተማ በኩል አንድ ፈረሰኛ አስመጡልን። ጋሽ እንየው ይባላሉ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ስድሳ ይሆናል፤ ቀጭን፣ እግራቸው ከፈረስ ሆድ ጋር ኖሮ ኖሮ ቅስት የሆነ። በጉግስ የታወቁ ናቸው። ሳይክል ላይ አንድም ቀን ወጥተው አያውቁም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልወጡም።

መጀመሪያ ቀን አሰልፈውን ባታችንን በከዘራ ጫፍ እየነኩ ሄዱ። እኔ ጋ ሲደርሱ ለጓደኛቸው በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሁለቱም ሳቁ። የኮሶበር ልጅ የሆነች የቡድናችን አባል ተረጎመችልኝ፦ "ይህች ገብስ ጎድሏታል፣ አጥንቷ ግን ደኅና ነው" ማለታቸው ነበር። ተናደድሁ። ማታ ግን ከቤታቸው ሙሉ አገልግል በሶ ላኩልኝ።

ልማዳቸው ብዙ ነው። ከልምምድ በኋላ ከሳይክሉ ወርደን፣ ሳይክሉን እየገፋን፣ ላባችን እስኪደርቅ በመስኩ ዙሪያ ያስኬዱናል። "ፈረስ ሮጦ ድንገት ቢቆም ይታመማል፤ እናንተስ ከፈረስ በምን ትበልጣላችሁ?" ይላሉ። ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አዘንብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ትንፋሻችንን እያዳመጡ ማን እንደደከመ ስም ይጠራሉ፤ አይሳሳቱም። በውድድር ቀን አያመሰግኑም፣ አይቆጡም። ስንተኛ እንደወጣንም አይጠይቁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላቸው፦ "በየት በኩል አለፍሽ?" ካሸነፍን ይህ ነው፤ ከተሸነፍንም "በየት በኩል አለፈችሽ?" ነው። መልሱን ሰምተው ዝም ይላሉ። በማግሥቱ ልምምዱ በዚያ መልስ ላይ ይሠራል።

ከሁሉ አጥብቀው ያስተማሩኝ ወደ ኋላ ማየትን ነው። በጉግስ የሚሸሸው ፈረሰኛ ጋሻውን በግራ እጁ ይዟል። አሳዳጁ ዘንጉን ሲወረውር በጋሻው እንዲመክት አንገቱን በግራ ትከሻው በኩል አዙሮ ያያል። ጋሽ እንየውም እንደዚያው አስተማሩኝ። መስኩ ላይ የቀርቀሃ ችካል ክብ አድርገው ተክለው፣ እኔን ከፊት፣ ሁለት ሰው ከኋላ አድርገው፣ ሳልወዛወዝ፣ መሪዬ ሳይንቀሳቀስ አገጬን በግራ ትከሻዬ ላይ እንዳሳርፍ ሁለት ክረምት ለፋሁበት። በዝናብ፣ በጭጋግ፣ ጭቃው ቸርኬ እየያዘ። "ትከሻሽን አትንኪ፤ አንገትሽን ብቻ። ጋሻሽ በግራ ነው!" እያሉ ይጮኻሉ። ጋሻ የለኝም እኮ ብዬ የምመልስበት አቅም አልነበረኝም።

የሚገርመው ሠራልኝ። በአገራችን አጭር ርቀት የምንወዳደረው አስፋልት ላይ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነን። እኔ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ይዤ እሄዳለሁ፤ በዚያ በኩል ቦይ ነው፣ ማንም አይመጣም። የምትመጣ በግራ ነው የምትመጣ፤ በግራ ደግሞ እኔ አያለሁ። ሦስት ዓመት ማንም ሳላያት አላለፈችኝም። ባሕር ዳር ክለብ ገባሁ፤ ደመወዝ ተቆረጠልኝ፤ ኃላፊዎች ተቀባበሉኝ፤ አንዱ ጫማ ሲሰጥ አንዱ ፊርማ ይጠይቃል። ለክረምት ወደ እንጅባራ ስመለስ ግን አሠልጣኜ ጋሽ እንየው ብቻ ነበሩ።

በስምንተኛው ዓመቴ ለአገር ተመርጬ ውጭ ሄድሁ። እዚያ ነው ለሳይክል ብቻ ተብሎ የተሠራ የእንጨት መም መጀመሪያ ያየሁት። ክብ ነው፤ መታጠፊያው እንደ ግድግዳ ቆሟል። ሳይክሉ ፍሬን የለውም፤ ፔዳሉም ቸርኬው እስከዞረ ድረስ ይዞራል፣ እግር ማሳረፍ የለም። በአባቴ አሮጌ ሳይክል ያደግሁ ስለሆንሁ ፍሬን ማጣቱ አላስፈራኝም። አሳሳቢው ዙሩ ነበር። ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ከታች ይዘሽ ስትሄጂ በግራሽ የመሙ ጫፍ ነው፤ ተቃዋሚሽ የምትወርድብሽ ከላይ፣ ከቀኝ ነው። የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ይህን ነገረኝ። አሥር ቀን "ቀኝ፣ ቀኝ" ሲለኝ ሰነበተ። ገብቶኛል አልሁት። ጭንቅላቴ ገብቶት ነበር፤ አንገቴ ግን አልገባውም።

የተሸነፍሁበትን ግጥሚያ ባልፈው ኖሮ ለሜዳልያ እቀርብ ነበር። ረዥም፣ ቀስ ብላ የምትስቅ ልጅ ናት የደረሰችኝ። ዕጣው እኔን ከፊት አደረገኝ። የመጀመሪያውን ዙር በእግር በሚኬድ ፍጥነት ሄድን፤ ሁለታችንም አንዳችን እስኪሰለቸን እንጠብቃለን። ደወሉ ተደወለ። የመጨረሻው ዙር መጀመሩ ነው። አገጬ ራሱ ሄዶ በግራ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። ጥርት አድርጌ አየሁ፤ ከታች እንጨቱ ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን አይቼ ደስ አለኝ። በዚያችው ደስታ መሐል በቀኝ በኩል እንደ ዶፍ ዝናብ ያለ የጎማ ድምፅ መጣ። አንገቴን ስመልስ ጀርባዋን አየሁ። ያን ጀርባ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እንጅባራ ስመለስ አዳራሽ ውስጥ አቀባበል ተደረገልኝ። ጋሽ እንየው ከፈረሰኛ ጓደኞቻቸው ጋር ከፊት ተቀምጠዋል፤ ነጭ ጋቢ፣ ንጹሕ ባርኔጣ። ሁሉም "የኛ ልጅ" እያሉ ያዩኛል። ንግግሩ ሲያልቅ ወደ እሳቸው ሄጄ ጉልበት ሳምሁ። ቀና አደረጉኝና ጠየቁኝ፦

"በየት በኩል አለፈችሽ?"

ጓደኞቻቸው ሁሉ ጆሮ ሰጡ። ያን ጊዜ ይሉኝታ ያዘኝ ብል ይቀለኛል። ግማሹ ይሉኝታ ነው፤ ሽማግሌን በሰው ፊት "ያስተማሩኝ ነገር ጣለኝ" ማለት ከአፌ አልወጣ አለ። ግማሹ ግን ኩራት ነው። አሥር ቀን ተነግሮኝ አንገቴን ማዞር እንዳልቻልሁ ማመን አልፈለግሁም።

"በግራ" አልሁ።

"አየሻት?"

"አየኋት። ጉልበት ነው ያነሰኝ።"

ለረዥም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፣ "እንግዲያ ትምህርቱ ደኅና ነው፤ ጉልበት ይገነባል" አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አብሬ ነቀነቅሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ጉልበቴ እምቢ አለ፤ ውድድር አቆምሁና የጋሽ እንየው ረዳት ሆኜ ተቀጠርሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብዙአየሁ መጣች። የአዲስ ቅዳም ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከሰል ያከስላሉ። በሳይክል ላይ ሁለት ጆንያ ከሰል ጭና ዳገቱን ስትወጣ መንገድ ላይ ያገኘኋት እኔ ነኝ። እግሯን አይቼ ሚኒባሱን አስቆምሁ። እንደሷ ያለ አነሣስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሦስት ፔዳል ከመታች ትጠፋብሻለች።

ጋሽ እንየው ችካላቸውን ተከሉላት። "አንገትሽን ብቻ። ጋሻሽ በግራ ነው!" እኔ ሰዓት ይዤ ከዳር ቆሜያለሁ። በየቀኑ አያለሁ፤ በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። አንድ ቀን ብቻ ደፈርሁ። "ጋሼ፣ በቀኝም ብታይ ምን ይመስለዎታል?" አልኋቸው።

ሳቁብኝ። "አንች ራስሽ ሄደሽ አይተሽ የለ? በየት አለፈችሽ?"

ዝም አልሁ። ሁለት ዓመት እንዲያው ዝም አልሁ። ብቻዋን ሳገኛት እንኳ አልነገርኋትም፤ ነግሬያት ከጋሼ ብትጠይቅስ ብዬ። ዝምታ ሲውል ሲያድር እንደ ዕዳ ይወልዳል ይባላል፤ የእኔ ግን ሌላ ሰው ላይ ነበር የሚወልደው።

ብዙአየሁ ተመረጠች። እኔ ረዳት ሆኜ አብሬ ሄድሁ፤ ጋሽ እንየው ደም ግፊት ስለነበረባቸው ቀሩ። መሙ ሌላ ነው፤ ዙሩ ግን ያው ወደ ግራ ነው። እዚያ ደርሰን ሁለት ሳምንት "በቀኝ እይ" አልኋት። "ጋሼ በግራ ነው ያሉኝ" አለችኝ። "እዚህ በቀኝ ነው።" "ታዲያ እዚያ ለምን አልነገርሽኝም?" ጎማ ልንፋ ብዬ ተነሣሁ።

ከፊት ነበረች። ደወሉ ተደወለ። አገጯ ወደ ግራ ትከሻዋ ሲሄድ ከዳር ሆኜ አየሁት፤ የራሴን አንገት ያየሁ ያህል። "ቀኝ! ብዙዬ ቀኝ!" ብዬ ጮኽሁ። ሰማችኝ። መስማቷ ባሰ። ደንግጣ ወደ ቀኝ ስትዞር መሪዋ አብሮ ዞረ፤ ከላይ ስትወርድ ከነበረችው ልጅ ቸርኬ ጋር ተጋጨች። እንጨቱ ላይ ሲንሸራተቱ የሚወጣው ድምፅ ረዥም ነው። ሌላዋ ልጅ ተነሣች። ብዙአየሁ የትከሻዋ አጥንት ተሰብሮ ተኝታ፣ "እትዬ፣ በየት ነው የመጣች?" አለችኝ። ጋሽ እንየው ያስተማሯት ጥያቄ ነው።

አጥንቱ ውሎ አድሮ ተገጠመ፤ ክንዷ ግን ከጆሮዋ በላይ አልነሣ አለ። በዚያ ትከሻ መወዳደር እንደማትችል ሐኪሙ ነገራት። ዕድሜዋ ሃያ ነበር።

ከተመለስን በሦስተኛው ቀን ጋሽ እንየው ቤት ሄድሁ። ፈረሳቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ። ሰላምታዬን ተቀብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

"ጋሼ" አልሁ፣ "ያን ጊዜ በግራ አይደለም ያለፈችኝ።"

እጃቸው ቆመ። "በቀኝ ነው?"

"በቀኝ ነው።"

"ብዙአየሁንም?"

"እሷንም።"

ጨርቁን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ጠይቄሽ ነበር" አሉ። "ያንን ሜዳ እኔ አላየሁትም። ወደ ግራ ይዞራል፣ በቀኙ ግድግዳ አለው ብለው ነገሩኝ። ግድግዳ ካለው በዚያ ማን ይመጣል ብየ አሰብሁ። ግን ልቤ አላረፈም። ስለዚህ ነው እንደመጣሽ የጠየቅሁሽ። ዓይኔ አድርጌ ነበር እኮ የላክሁሽ።"

አለቀስሁ። እሳቸው አላጽናኑኝም። ወደ ጓሮ ዞረው ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ መርጠው አነሡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሽማግሌ ሰው፣ በልጅ ልጅ ዕድሜ ላለች ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ! "እኔ ልሸከምልዎ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አልሁ።

"የአንችን አንች ተሸከሚ። ይህ የኔ ነው።"

እኔም አንድ አነሣሁ። ድንጋያችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን በሚኒባስ አዲስ ቅዳም ሄድን። ረዳቱ አይቶ ሒሳብ ሳይጠይቀን አለፈ። ከመንገድ ወርደን በተደረደረው የከሰል ጆንያ መሐል ድንጋዩን ማጅራታችን ላይ አድርገን፣ ጎንበስ ብለን እስከ ደጃቸው ሄድን። እናቷ ገና ሲያዩን፣ "ኧረ በማርያም! ኧረ ጋሼ አይሆንም!" ብለው ጮኹ። ብዙአየሁ ክንዷ በፋሻ እንደታሰረ ወጣች።

"ያላየሁትን ሜዳ እንዳየሁ አድርጌ አስተማርሁሽ" አሏት ጋሽ እንየው። ስለእኔ አንድም ቃል አልተናገሩም።

በደኅናው እጇ ድንጋዩን ከማጅራታቸው ላይ አንሥታ መሬት አደረገችው፤ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ እኔ ተናገርሁ። ሁሉንም፣ አዳራሹንም፣ "በግራ" ያልሁትንም፣ ሁለት ዓመት ዝም ማለቴንም ተናገርሁ። አቀርቅሬ ስለነበር ፊቷን አላየሁም፤ እግሯን ብቻ ነው ያየሁት።

"የጋሼ አለማወቅ ነው" አለች በመጨረሻ። "አንች ግን ታውቂ ነበር። አውርጅው እትዬ፤ እኔ ግን አላነሣልሽም።"

ራሴ አወረድሁት።

ጋሽ እንየው በማግሥቱ መስኩ ላይ ቀርበው ችካሎቹን በእጃቸው ነቀሉ። ሥራ ግን አልተዉም፤ እስኪደክሙ ድረስ እየመጡ ትንፋሽ ያዳምጡ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሲሞቱ ፈረሰኞቹ ፈረሳቸውን ሸልመው ወጡ፤ ብዙአየሁም ሳይክሏን እየገፋች ከፈረሶቹ ኋላ ተሰልፋ ሄደች። እኔ አጠገቧ ሄድሁ። እሷ ያን ጊዜ ረዳቴ ሆና ተቀጥራ ነበር። ከዚያም ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ቡናም፣ ዳቦም፣ ዝናብም ተካፍለናል። ስለዚያ ቀን ግን አንስተን አናውቅም፤ እኔም ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ዳግመኛ አልጠየቅሁም።

የንብረት ክፍሉ ሰው የመዘገበውን ንብረት የተረከበችኝ እሷ ናት። ከፈረምን በኋላ ልምምድ ስለነበር አብሬያት ወደ መስኩ ሄድሁ። አምስት ሴት ልጆች ክቡን ይዞራሉ። ብዙአየሁ ፊሽካ አፏ ላይ አድርጋ፣ መታጠፊያው ላይ በደረሱ ቁጥር ወደ ቀኝ እንዲያዩ ትነፋለች። ልጆቹም በፊሽካው አንገታቸውን ይመልሳሉ።

"እንዴት አየሻቸው?" አለችኝ።

"ጎበዞች ናቸው" አልሁ። ከአፌ የወጣው በልማድ ነው። እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም፤ እንደ ጋሽ እንየው አድርጋ ነው ያየችኝ። 

"ፊሽካሽ ይቀድማቸዋል" አልሁ። "የሚዞሩት አይተው አይደለም፣ ሰምተው ነው። አንች በሌለሽበት ቀን አንዳቸውም አያዩም። ስለወደቅሽ ፈርተሽ ነው የምትነፊ፤ ፍርሀትሽን ነው የምታስተምሪያቸው።"

  ብዙአየሁ የማይነሣውን ክንዷን በሌላው እጇ ደገፍ አድርጋ መስኩን አየች።

"ይኸው ነው እኮ እትዬ" አለች ቀስ ብላ። "ያን ጊዜም እውነቱን መናገር ከዚህ አይበልጥም ነበር።"

ፊሽካውን ኪሷ ከተተችው። ልጆቹ ዞረው ወደ መታጠፊያው ሲቃረቡ አንገታቸውን ራሳቸው ይመልሱ እንደሆነ ሁለታችንም ቆመን አየን።